ስለ ምጥ፣ ያውም ወንድ ሆኜ

ወዳጆቼ፣ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። የምናገረው ስላለኝ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ፣ ስድስተኛ ወሯ ላይ፣ ቨርጂኒያ ያለችው እህቷ ደወለችላት። እሷ ስትወልድ ኤፒዱራል የሚባል የወገብ ማደንዘዣ ተሰጥቷት በምጥ መሃል እንቅልፍ ሁሉ ወስዷት ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ «እኛ ጋር ይኖር ይሆን?» አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እናቴ ሰባት ወልዳለች፣ አንድም መርፌ አልተወጋችም።» በቃ፣ ወሬው እዚያው ላይ ተዘጋ።

ከዚያ ምጡ መጣ። 16 ሰዓት። ባል አይገባም ስለተባለ እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ። ድምጿን ግን እሰማለሁ። የአንዷን ባለሙያ ድምፅም እሰማለሁ፤ «ቻይው! አንቺ ነሽ እንዴ መጀመሪያ የወለድሽው?» ሌላም እዚህ የማልጽፈው ነገር። ልጃችን በሰላም ተወለደች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተባለ፣ ገንፎው ተበላ። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ የምታነሳው ሕመሙን አይደለም፣ ያቺን «ቻይው» ነው። የኔንም ቃል አልረሳችውም፤ ዝም አለች እንጂ።

ተማሪዎቼ እንደምታውቁት ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ነርቭን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፣ ቤቴ ሲመጣ ግን ረሳሁት። ኤፒዱራል ማለት ታችኛው ጀርባ ላይ፣ ህብለ ሰረሰርን ከሸፈነው ሽፋን ውጪ ባለው ክፍተት፣ በመርፌ አማካኝነት ቀጭን ቱቦ ማስገባት ነው። መድኃኒቱ በቱቦው ጥቂት በጥቂት እየተሰጠ የሕመሙን መልእክት ነርቩ ላይ ይገታዋል። እናትየው ነቅታ ትወልዳለች። ጣጣም አለው፤ የደም ግፊት ሊያወርድ፣ እግር ሊያደነዝዝ፣ የመግፋቱን ጊዜ ሊያስረዝም፣ አልፎ አልፎም ኃይለኛ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የሰለጠነ የአንስቴዥያ ባለሙያና የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። «ዕድሜ ልክ ወገብ ያበላሻል» የሚባለውን ግን ጥናቶች አይደግፉትም።

ባለሙያው ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ እያንዳንዷን ወላድ ለሰዓታት ይከታተል ማለት ዛሬ በብዙ ቦታችን የማይሆን ነው። ይገባኛል። የማይገባኝ፣ እጥረታችንን በጎ ምግባር አድርገን መስበካችን ነው። ያለ ማደንዘዣ ጥርሱን የሚያስነቅል ወንድ እስቲ አሳዩኝ!

«በጭንቅ እንድትወልድ ተፈርዶባታል» የምትሉም አትጠፉም። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ጄምስ ሲምፕሰን የተባለ የኤድንብራ ሐኪም በ1847 (እ.ኤ.አ.) ለወላዶች ማደንዘዣ መስጠት ሲጀምር ይሄንኑ ያነሱበት ነበሩ። መልሱን ከዚያው ከዘፍጥረት አመጣላቸው፤ እግዚአብሔር የአዳምን ጎን ከመክፈቱ በፊት አስተኝቶታል እኮ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የወሊድ መመሪያ፣ ጤነኛ ወላድ ማስታገሻ ከጠየቀች ኤፒዱራልን እንደ አንድ አማራጭ ያስቀምጣል። የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንም ይመክራል። ይሄኛው እንኳ የአንስቴዥያ ባለሙያ አይፈልግም፣ በር መክፈት ብቻ ነው። ሰው አለመሳደብም በጀት አይጠይቅም።

በቀደም እናቴን ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ሰባታችንንም ያለ መርፌ እንዴት ቻልሽው?»

«ማን አማረጠኝና!» አለችኝ።

ባለቤቴ አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ዘንድሮ እኔ ነኝ የምጠይቅላት። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አዋላጅ ነርስም አንስቴዥያም የሆናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኤፒዱራል የሚሰጥበት ቦታና ዋጋውን፣ እሱ ካልተቻለም ባል የሚያስገባ ማዋለጃ ክፍል የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የአስተማሪን ደመወዝ መቼም ታውቁታላችሁ።