ስለ ርቀት ትምህርትና ስለ ጉርብትና

በ2012 ዓመተ ምሕረት መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ተገለጸ፤ መጋቢት 7 ቀንም ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ ትእዛዙን ለመንቀፍ የሚነሣ አስተዋይ ሰው አይገኝም። በሮቹ በየተራ መከፈት የጀመሩት በ2013 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ወር ነው።

በዚህ መካከል ትምህርቱ ጨርሶ እንዳይቋረጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፥ በከተማም በስልክ እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ይህም መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይጠይቅም፤ ልጁ ቢሳሳት አያርመውም፤ ቢቀርም የት ቀረህ አይለውም። በሴራሊዮን ከ2006 ዓመተ ምሕረት ማብቂያ እስከ 2007 ሚያዝያ በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ እንደዚሁ በሬዲዮ ይማሩ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ግን አርግዘው ወደ ክፍላቸው ያልተመለሱ ልጃገረዶች ብዙዎች ነበሩ።

ነገሩን ለመመርመር የፈለገ ወናጎን ይመልከት። ወናጎ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ናት፤ ወረዳዋም በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ከበዛባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። ቤቶቹ በእንሰትና በቡና መካከል ተጠጋግተው ስለ ተሠሩ የአንዱ ቤት ጢስ በሌላው ጓሮ ያልፋል። እንዲህ ባለ አገር ሰው ብቸኛ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ነገር ግን አባቱና እናቱ ፊደል ያልቆጠሩለት፥ በቤቱም ሬዲዮ የሌለው ልጅ፥ ንባቡን የሚሰማለት ካላገኘ በሰው መካከል ሆኖም ብቻውን ነው። ደግሞም የጌዴኦ ልጆች በ2010 ዓመተ ምሕረት ብዙ መቶ ሺሕ ሕዝብ በተፈናቀለ ጊዜ ከትምህርታቸው ተለይተው እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። መዘጋቱ በበሽታ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

የአብነት ትምህርት ቤት ለዚህ መድኀኒቱን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የኔታ ልጁን ሁሉ ብቻቸውን አይሰሙም፤ ዳዊት የሚደግመው ወንጌል የሚያነበውን፥ ወንጌል የሚያነበውም ፊደል የሚቆጥረውን ያስቀጽላል። የቆሎ ተማሪ ከእናቱ ቤት ብዙ ቀን ተጉዞ በሰው አገር ጎጆ ይቀልሳል፤ ከዘመዶቹ ተለይቶ ዓመታት ይቀመጣል፤ ሆኖም ከቅጸላ ጓደኛው አይለይም። ቢታመም እንኳ ለምኖ የሚያበላው ያ ጓደኛው ነው። ካህናት ይህን በራሳቸው ዕድሜ ያዩት ስለ ሆነ ማስረጃ አያሻቸውም።

በመጋቢት 30 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ተከታዩ ደንብ ሰዎች ከአራት በላይ ሆነው እንዳይሰበሰቡ፥ እጅ ለእጅም እንዳይጨባበጡ ከልክሎ ነበር። እጅ መጨባበጡ ቢቀር ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት የአባቶች ልማድ ስለ ነበረ ብዙ ጉዳት የለውም። አራት የሚለውን ቍጥር ግን ልብ ማለት ያሻል። ከፍ ያለ ክፍል የሚማር አንድ የጎረቤት ልጅና ሦስት ታናናሾች፥ በእንሰቱ ጥግ ተራርቀው ቢቀመጡ ከቍጥሩ አያልፉም። ርቀት የታዘዘው ለትንፋሽ ነው፤ ለድምፅና ለአሳብ አልታዘዘም።

እንግዲህ ሌላ መዘጋት ሳይመጣ የሚሠራ ሥራ አለ። በየቀበሌው የተማሪው ስም፥ ሬዲዮ ያለበት ቤት፥ በአቅራቢያውም የሚያስጠናው ታላቅ ልጅ በመዝገብ ሊጻፍ ይገባል። መምህሩ ስልክ ላለው ቤት በስልክ፥ ለሌለው በመልእክተኛ ልጁን በስሙ ይጠይቀው። የንስሓ አባትም ሆነ ሌላው የሃይማኖት መሪ የእያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ስለሚያውቅ፥ ለመዳር የታሰበችውን ልጃገረድ ከሹሙ አስቀድሞ ይሰማል። የጌዴኦ ሽማግሌዎችም በሶንጎ ሲቀመጡ ከመሬትና ከዕርቅ ነገር ጋር ከትምህርት የቀረውን ልጅ ቢያነሡ ቃላቸው ከደብዳቤ ይልቅ ይደመጣል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። ነገር ግን የወረዳው ሹም ትምህርቱ በሬዲዮ ተላለፈ የሚለውን ወረቀት ተቀብሎ ከማስቀመጡ በፊት፥ ማን ሰማው ብሎ መጠየቅ አለበት። በወናጎ በኩል የቡና ለቀማ ከጥቅምት ጀምሮ ቤተ ሰቡን ሁሉ ስለሚይዝ፥ መዝገቡ መስከረም ሳይወጣ ቢጻፍ ሠራተኛው ሰውን በቤቱ ያገኘዋል።