ከመጽሔት ጋራ የታደለ የቤት ፕላን

ለደመወዝተኛ ሰው አርክቴክት መቅጠር ከዓቅም በላይ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጎጆ ለመውጣት ያሰበው ሁሉ ነገሩን ለአናጢና ለግንበኛ ይተወዋል፤ ቤቱም ካለቀ በኋላ ማድ ቤቱ ጨለማ፥ መተላለፊያውም ከክፍሉ የሚበልጥ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ችግር በአሜሪካ ለማቃለል የሞከሩት ጉስታቭ ስቲክሊ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ስቲክሊ በ1858 ዓ.ም. በዊስኮንሲን የተወለዱ የወንበርና የጠረጴዛ ሠሪ እንጂ አርክቴክት አልነበሩም። በ1901 «ዘ ክራፍትስማን»፥ ማለት «ባለ እጅ»፥ የተባለ መጽሔት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውንም ቍጥር ለእንግሊዛዊው ለዊልያም ሞሪስ መታሰቢያ አደረጉት። ሞሪስ የእጅ ሥራን ክብር ያስተማሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን በእጅ የተሠራው ዕቃቸው ውድ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ባለጸጋው ነበር። ስቲክሊ ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ማሽንን ሳይጠሉ ሠሩ፤ ከ1904 ጀምሮም የቤት ፕላን በመጽሔቱ እያወጡ፥ ለደንበኛ አንባቢ የመረጠውን ቤት ሙሉ ፕላን ያለ ዋጋ ይሰጡ ጀመር። እስከ 1916 ድረስ ከ200 በላይ የቤት ንድፍ ወጣ።

እነዚህ ቤቶች ምን ይመስሉ ነበር? ጣሪያው ዝቅ ያለ፥ ክፈፉም ወደ ውጭ የረዘመ ነው፤ በፊቱ ሰፊ በረንዳ አለ። ድንጋዩና እንጨቱ በተቻለ መጠን ከዚያው ከአገሩ የተገኘ እንዲሆን ይመከራል። በውስጥ ደግሞ ወራጁ በልስን አይሸፈንም፤ ቤቱን የተሸከመው እንጨት ራሱ ጌጥ ነው። የሳሎኑና የምግብ ቤቱ ግድግዳ ተቀንሶ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸውም ቤተ ሰቡን የሚሰበስበው ምድጃ ይገኛል። መቀመጫውና የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ከግድግዳው ጋራ አብሮ የተሠራ ነው። የእኛን መደብ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ ቦታ ያተርፋል፥ የዕቃ መግዣም ያስቀራል።

በዚያው ዘመን ግሪን የተባሉት ሁለት ወንድማማች አርክቴክቶች በካሊፎርኒያ፥ በፓሳዴና፥ በ1908 የጋምብልን ቤት ሠሩ። የእንጨቱ መጋጠሚያ እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ቤቱ ለአንድ ባለጸጋ የተሠራ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ውብ ቤት ይልቅ የስቲክሊ ርካሽ ወረቀት ለብዙ ሰው ጠቀመ። ጉድለት ግን አላጣውም፤ በመጽሔት የወጣ ፕላን ቦታህ ተዳፋት ይሁን ሜዳ፥ ነፋሱም ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። ይህን የሚያስተካክል ብልህ ግንበኛ ያስፈልጋል።

ስቲክሊ በኒው ዮርክ ባለ 12 ፎቅ ሕንጻ ተከራይተው ንግዳቸውን ከልክ በላይ ስላሰፉ በ1915 ከሰሩ፤ መጽሔቱም በ1916 መጨረሻ ቆመ። በኒው ጀርሲ ከግንድ የሠሩት መኖሪያቸው ዛሬ ሙዚየም ነው።

ሲርስ የተባለው የንግድ ቤት ደግሞ ፕላን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ራሱን በካታሎግ ከ1908 እስከ 1940 ሸጠ። እንጨቱ ተቈርጦ፥ ቍጥር ተጽፎበት፥ ከመመሪያው ጋራ በባቡር ይመጣል፤ ገዢውም እንደ ቍጥሩ ይገጣጥመዋል። ለብዙዎች ብድርም ይሰጥ ነበር፤ በ1930ዎቹ የኑሮ ችግር ሲመጣ ግን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ቤቱን ተነጠቀ። ዛሬ እንኳ አንዳንድ ባለቤት ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ በፋኖስ ቢመለከት ያን ቍጥር በወራጁ ላይ ታትሞ ያገኘዋል።