መጀመሪያ ይቀዳ፣ ከዚያ ይጠገን!

በቅርቡ የአንድ ክፍል ኮምፒዩተር አልነሣም አለ። ሲጫኑት መብራቱ ቦግ ይላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። በውስጡ የማስተማር ልምምዳችን ሪፖርትና ውጤት አለ። ከመካከላችን አንዱ «በቃ ፎርማት ይደረግና እንገላገል!» አለ። እንዴ! ማን ከምን ሊገላገል? ደግነቱ አንድ መምህራችን «ቆይ!» ብለው አስቆሙን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥራችን ሁሉ በእጃችን ገባ።

ውድ አንባብያን፣ ኮምፒዩተር አልነሣ አለ ማለት ጽሑፉ ጠፋ ማለት አይደለም። የጠረጴዛ ቁልፍ ቢሰበር በመሳቢያው ያለው ደብተር ይቃጠላል? ጽሑፉ ያለው በሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። የተበላሸው ፓወር ሰፕላዩ፣ ሜሞሪው ወይም ዊንዶውሱ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሳይቀዱ ፎርማት ማድረግ፣ ቁልፉ ተሰበረ ብሎ ደብተሩን እሳት ውስጥ መጣል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በደህና ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ በባዶ ፍላሽ ማዘጋጀት፣ የታመመውንም ከፍላሹ ማስነሣት ነው። «ኢንስቶል» የሚለውን ሳይነኩ «ትራይ» የሚለውን መርጦ ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ጭራሽ ካልበራ ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማያያዝ ነው። የላፕቶፕ 2.5 ኢንች ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የዩኤስቢው ኃይል ይበቃዋል፤ የዴስክቶፑ 3.5 ኢንች ግን 12 ቮልት የሚሰጥ አዳፕተር ይፈልጋል።

ሁለት ነገር ግን እንጠንቀቅ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሳልና አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። በቢትሎከር የተቆለፈም ከሆነ ባለ 48 አኃዙ ቁልፍ ከሌለ አይከፈትም። ቁልፉን ዛሬውኑ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከጅቡ በኋላ መጮኽ ነው። ለመሆኑ የስንት ሰው ልፋት ለምን በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ተቀመጠ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የኛም ነው፤ የየራሳችንን ቅጂ አልያዝንም። እ.ኤ.አ. በ1998 «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው ፊልም ሲሠራ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛው ሥራ ተሰረዘ፤ መጠባበቂያውም ቢታይ በደንብ አልያዘም ነበር። ፊልሙን ያተረፈው አንዲት የቴክኒክ ኃላፊ ቤቷ ያስቀመጠችው ቅጂ ነው። ስለዚህ ተከፍቶ ያልተሞከረ መጠባበቂያ፣ አለ አይባልም።

ሐሳባችን ይኸው ነው። ውጤትና ሪፖርት በሦስት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ ከግቢ ውጭ ይቀመጥ። በየሳምንቱ ዓርብ የሚገለብጡ ሁለት ሰልጣኞች በተራ ይመደቡ። በየወሩም ቅጂው ተከፍቶ ይታይ። ወጪው ከአንድ ፍላሽ አይበልጥም።

ነገ በየገጠሩ ስንመደብ የልጆች ውጤት በእጃችን ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰ የተማረን ልጅ «ኮምፒዩተሩ ተበላሸ» ብለን ባዶ እጁን ልንሸኘው ነው? ሳይቃጠል በቅጠል!