ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ መርከብ አይያዝ

በቂርያት ማላኺ የሚኖር አንድ ቤተሰብ የእናቱን 75ኛ ዓመት ለማክበር አስቦ የዋትሳፕ ግሩፕ ከፈተ። አምስት ልጆች ከነትዳራቸውና ከነልጆቻቸው ሲቆጠሩ 19 ሰው ይሆናሉ። አንዷ ልጅ የአላስካን የበረዶ ግግር ቪዲዮ ላከች፤ ወንድሟ የመርከቡን ዋጋ ላከ፤ የልጅ ልጆቹ ደግሞ ከባሕር ዘሎ የሚወጣ ዓሣ ነባሪ እየላኩ ስልኩን አጨናነቁት። በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉም ነገር አለቀ። ግሩፑ ውስጥ ያልነበሩት እናት ብቻ ናቸው። ሰርፕራይዝ ነዋ!

ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ አንድ ሐሙስ ማታ ቡና ላይ ተነገራቸው። እናት ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩና "እናንተ ካላችሁ ይሁን" አሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ይህች "ይሁን" የምትባል ቃል ግን ቀላል ቃል አይደለችም። "ደስ ብሎኛል" ማለት ልትሆን ትችላለች። "ጉልበቴ አይችልም፣ ግን ደስታችሁን አላበላሽም" ማለትም ልትሆን ትችላለች። "ሰንበትን ባሕር ላይ እንዴት ልውል ነው?" ወይም "ይህን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጣችሁት?" ማለትም ልትሆን ትችላለች። እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ከእነዚህ ሁሉ የሚሰማው የመጀመሪያዋን ብቻ ነው። ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም፤ የቀሩትን ማንም ጮክ ብሎ አልነገረውም።

ልጆች እናት አባታቸውን ይዘው ዓለምን ለማየት ማሰባቸው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። በ1984 በእግሯ ሱዳን የገባች ሴት ዛሬ ልጆቿ በትልቅ መርከብ ሊያሳፍሯት መቻላቸው ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በሀገር ቤት ሠርግ ሲደገስ፣ ቤት ሲለቀቅ፣ ከብት ሲሸጥ መጀመሪያ የሚጠየቁት ሽማግሌዎች ነበሩ። አሁን መጨረሻ ላይ ይነገራቸዋል። በግልጽ ለመናገር፣ እንደ ሻንጣ ይጫናሉ፤ ሻንጣው ውድ ቢሆንም ሻንጣ ነው።

ልጆች ስለ አላስካ ሲያስቡ የመጀመሪያ ስጋታቸው "እማማ ብርዱን አይችሉትም" የሚል ነው። ይሄ ደግሞ ያስቃል። በሰሜን ተራሮች ሥር ወይም በወገራ ደጋ ያደገ ሰው ውርጭና አመዳይ ምን እንደሆነ ከልጅ ልጆቹ ይልቅ ያውቃል። መርከቦቹ ወደ አላስካ የሚሄዱት በበጋ ነው፤ በጁኖ ከተማ የጁላይ ቀን ሙቀት 17 ወይም 18 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የሚያስቸግረው ዝናቡና ከበረዶ ግግሩ የሚመጣው ነፋስ ነው፤ እሱን ደግሞ ዝናብ የማያስገባ ካፖርትና ሱፍ ልብስ ይመልሰዋል። ልጆቹ ሊፈሩ የሚገባቸው ሌሎች ነገሮች አሉ፤ እነሱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

ሰንበትን እንውሰድ። የእስራኤል ትምህርት ቤት የሚዘጋው በጁላይና በኦገስት ስለሆነ ቤተሰብ ሁሉ የሚነሳው ያኔ ነው። በጁላይ አጋማሽ በጁኖ ፀሐይ የምትጠልቀው ሰዓቱ 22፡00 ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በሀገር ቤት አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ። ሰንበት ስትወጣ ደግሞ እኩለ ሌሊት ቀርቧል። የመርከቡ የክፍል በር የሚከፈተው በኤሌክትሮኒክ ካርድ ነው። በክፍል ውስጥ ሻማ ማብራት ክልክል ነው፤ ከሰል አያይዞ ጀበና መጣድማ የማይታሰብ ነው። መርከቡ ቅዳሜ ዕለት የሚነሳ ከሆነ ጉዞው ከመጀመሪያው አልሆነም ማለት ነው። ቅዳሜ ከተማ ላይ ቆሞ ሁሉም ሲወርድ እናት ብቻቸውን ካቢን ውስጥ ከሚቀሩ፣ ቅዳሜን መርከቡ ወደብ ሳይዝ በባሕር ላይ የሚውልበትን ጉዞ መፈለግ ይሻላል። እንዲህ ያለ ጉዞ ይገኛል፤ ግን የሚገኘው ቀብድ ሳይከፈል ከተፈለገ ነው። ቲሻ በአቭም በዚሁ ወቅት እንደሚውል መርሳት የለበትም፤ ፀሐይ አልጠልቅም በምትልበት አገር መጾም ከወጣቱ ይልቅ ስኳር ያለባቸውን አባት ይመለከታል።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ትልልቆቹ መርከቦች ከብዙ ሳምንት በፊት ከተነገራቸው የታሸገ ኮሸር ምግብ ያዘጋጃሉ። ኮሸር የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ግን ለሁሉም አባት አይበቃም፤ ይህንንም ቀድሞ መናገር ነው። በሶና ቆሎ የሚይዝ ሰው አሜሪካ ሲገባ ምግብ መያዙን ለጉምሩክ የመናገር ግዴታ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ጉዳይ ኢንሹራንሱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

ኩፓት ሆሊም በአላስካ ባሕር ላይ ለሚሰጥ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ የጉዞ ኢንሹራንስ ይገዛል። ኢንሹራንሱ የጤና ጥያቄዎች አሉት፤ ልብ፣ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ባለፈው ጊዜ ሆስፒታል መተኛት፣ አዲስ የተጀመረ ወይም የተቀየረ መድኃኒት። ጥያቄው የሚመጣው በዕብራይስጥ ነው። የሚሞላው ልጅየው ነው፤ በስልኩ፣ በምሳ እረፍቱ ላይ። "እማ ደህና ነሽ አይደል?" ይላል። "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላሉ እናት። ልጁ አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም እያለ ይጨርሳል። ከስድስት ወር በፊት ሐኪሙ የግፊት መድኃኒታቸውን እንደጨመረባቸው እናት አልተናገሩም፤ ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ነው። በማኅበረሰቡ ውስጥ ሕመምን መደበቅ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። መጥፎ ወሬ ቶሎ አይነገርም፤ ለቀኑ ይጠበቅለታል። ለኢንሹራንስ ኩባንያ ግን ይህ ጨዋነት ሳይሆን የተደበቀ መረጃ ነው። ነባር ሕመም በውሉ ውስጥ ተጨምሮ ካልተከፈለበት ኩባንያው አልከፍልም ለማለት በር ያገኛል።

መርከብ ላይ ሐኪም አለ፣ ትንሽ ክሊኒክም አለ፤ ሆስፒታል ግን አይደለም፣ ሒሳቡንም ለብቻው ያስከፍላል። ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ሆና እንኳ ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፤ የሚገባውም የሚወጣውም በባሕር ወይም በአየር ነው። ከዚያ አካባቢ በሽተኛን በአውሮፕላን ማንሳት ቢያስፈልግ ወጪው ከ19 ሰው የጉዞ ሒሳብ ሊበልጥ ይችላል። አንዲት "ደህና ነኝ" የልጆችን ቤት ልታስይዝ ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ ቅጹን እናት ራሳቸው የመድኃኒት ሳጥናቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ በአማርኛ እየተተረጎመላቸው ሊመልሱ ይገባል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ወረቀት ይያዝ፤ መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን። በበጋ በእስራኤልና በአላስካ መካከል የ11 ሰዓት ልዩነት ስላለ የጠዋቱ ክኒን መቼ እንደሚዋጥ ከመነሳት በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ይሄ ተራ ነገር አይደለም።

ቅጽ ከተነሳ አይቀር አንድ ሌላ ቅጽ አለ። እስራኤል ከ2023 መጸው ጀምሮ ዜጎቿ ያለ ቪዛ አሜሪካ ከሚገቡባቸው አገሮች ውስጥ ገብታለች፤ ባዮሜትሪክ ዳርኮን ያለው ሰው ኤስታ የሚባለውን ፈቃድ በኢንተርኔት ይጠይቃል። ቅጹ ውስጥ "ሱዳን ሄደህ ታውቃለህ?" የሚመስል ጥያቄ አለ። ይህችን ጥያቄ ያዩ አንዳንድ አባቶች ይደነግጣሉ፤ ገዳሪፍ ትዝ ይላቸዋል፣ በካምፕ የቀበሩት ሰው ትዝ ይላቸዋል። ጥያቄው ግን የሚለው ከማርች 1 ቀን 2011 ወዲህ ስላለው ጊዜ ነው። የ1984ቱ መንገድ አይጠየቅም። ይህን አስቀድሞ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ልጅ ዝም ብሎ ሞልቶ ቢያልፈው ድንጋጤው በልብ ይቀራል። የልደት ቀናቸው በግምት የተጻፈላቸው ወይም ስማቸው እንደመጡ የተቀየረባቸው ደግሞ ቲኬቱና ቅጹ ከዳርኮኑ ጋር በፊደል ልክ አንድ መሆናቸውን ማየት አለባቸው። መርከቡ ከቫንኩቨር የሚነሳ ከሆነና ወደዚያ በአውሮፕላን የሚገባ ከሆነ የካናዳ ፈቃድም ይጨመራል።

ስለ ባሕሩም ልጆች ሳይጠይቁ የሚወስኑት ነገር አለ። ከቫንኩቨር ተነስቶ በደሴቶች መካከል የሚሄደው መስመር ከማዕበል የተከለለ ነው፤ ወደ ሰሜን ወጥቶ የአላስካን ባሕረ ሰላጤ የሚያቋርጠው ግን ክፍት ባሕር ይነካል። ከመርከቡ መሐል፣ በታችኛው ፎቅ ያለ ካቢን ከጫፉ ይልቅ አይናወጥም። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆኑ ካቢኖች ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው ያልቃሉ። ትልቅ መርከብ 300 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከክፍል እስከ መብል አዳራሽ የሚሄደው ኮሪደር ለታመመ ጉልበት ራሱ አንድ ጉዞ ነው። በስካግዌይ ከተማ ወጣቱ ተራራ ሲወጣ ሽማግሌው በአሮጌው ባቡር ሊሄዱ ይችላሉ፤ መስመሩ በ1900 የተጠናቀቀ ሲሆን በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ 870 ሜትር ገደማ ይወጣል። በ1897 እና በ98 የወርቅ ፈላጊዎች በዚያ በኩል አንድ ቶን የሚያህል ስንቅ እየተመላለሱ በጀርባቸው ተሸክመው አልፈዋል። ልጅ አዝሎ ስንቅ ተሸክሞ ተራራ የወጣ ሰው ያንን ገደል በመስኮት ሲያይ ለልጅ ልጁ የሚነግረው አያጣም።

ገንዘቡም አለ፤ ነውር ሆኖ ነው እንጂ ከሁሉ በፊት መነሳት የነበረበት እሱ ነው። ከአምስት ልጆች ውስጥ ሦስቱ ይችሉ ይሆናል፤ አራተኛው በብድር ነው፤ አምስተኛዋ ኪራይ ላይ ሆና "እኔም አለሁ" ብላ ጽፋለች። በዋትሳፕ ላይ "አልችልም" ብሎ የሚጽፍ የለም። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ ደግሞ በረራውን፣ በየቀኑ የሚቆረጠውን የአገልግሎት ጉርሻና በየከተማው የሚከፈለውን አያካትትም። በዚያ ቤት ውስጥ ማንንም ሳያሳፍሩ "ለዚህ ብላችሁ እንዳትበደሩ፤ አጠር ያለውን እንሂድ፣ ወይም ለከርሞ ይሁን" ሊሉ የሚችሉት እናት ብቻ ናቸው። ይህን ሥልጣን ሌላ ማንም የለውም፤ "ይሁን" ብለው ዝም ሲሉም ሥልጣኑን ጥለውታል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ጉዞው ይቅር ማለት አይደለም። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት መርከብ ላይ ዕብራይስጥ ብቻ የሚያወራ የልጅ ልጅና አማርኛ ብቻ የሚያወሩ አያት ለሰባት ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ቤት ውስጥ ይህ አይገኝም፤ ቤት ውስጥ ልጁ ስልኩ ላይ ነው፣ አያት ቴሌቪዥን ፊት ናቸው። ለዚህ ገንዘብ ቢወጣ አያስቆጭም፤ ለበረዶ ፎቶ ብቻ ከሆነ ግን ሄርሞን ይበቃል።

መርከቦቹ ከሚገቡባቸው ስፍራዎች አንዱ ግሌሸር ቤይ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በቀን ከሁለት ትልልቅ የመንገደኛ መርከብ በላይ አይገባበትም። በ1794 የቫንኩቨር መርከበኞች ሲያዩት ሰላጤው በበረዶ ተሞልቶ ነበር፤ በ1916 በረዶው 105 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። ከዚያ በፊት ግን ስፍራው ሰው የሚኖርበት ነበር። ሁና ትሊንጊት የሚባሉት የአገሩ ሰዎች በ18ኛው መቶ ዘመን በረዶው መንደራቸውን ሲውጠው ጥለው ተሰደዱ፤ የስደቱን ታሪክ ሽማግሌዎቻቸው በቃል ለልጅ ልጆቻቸው ሲያወርሱ ኖሩ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የጎሣ ቤታቸው እንደገና ተሠርቶ ተመረቀ። የፓርኩ ሠራተኞች መርከቡ ላይ ወጥተው ይህን ያስረዳሉ፤ በእንግሊዝኛ ነው። ቢያንስ አንድ የልጅ ልጅ ከአያቱ አጠገብ ቆሞ እንዲተረጉም ከአሁኑ ይመደብ።

የቂርያት ማላኺው ቤተሰብ የመጨረሻውን ክፍያ የሚከፍለው እንደ ብዙዎቹ መርከቦች ደንብ ከመነሻው 3 ወር ገደማ በፊት ነው፤ እስከዚያ ቀን መቀየር ይቻላል። ከዚያች ሐሙስ ሁለት ሳምንት በኋላ እናት ታናሿን ልጃቸውን ቡና ሲቀዱላት "ሰንበትን የት ነው የምንውላት?" ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ስልኳን አወጣች፤ ግሩፑ ውስጥ ጻፈች። ለረጅም ጊዜ ማንም አልመለሰም። ከዚያ ታላቅ ወንድሟ፣ ቀብዱን የከፈለው፣ የመርከቡን የቀን ዝርዝር ላከና "እማን ግሩፑ ውስጥ አስገቧት" ብሎ ጻፈ።