ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ በሚጎራበቱበት የመርካቶ ክፍል፣ ከጅምላ ሱቆቹና ከጫኝና አውራጁ ግርግር መሃል፣ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ጠባብ ክፍሎች አይታጡም። የሱቅ ኪራይ ውል እዚያ ይጻፋል፣ የሥራ ማመልከቻ ይታተማል፣ የንግድ ደብዳቤ ይረቀቃል። ደንበኛው ጸሐፊዋ ትከሻ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ውልና ማስረጃ ሳይዘጋ ሊደርስ የቸኮለ ሰው ከሆነ ደግሞ እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች። እንዲህ ባለ ሰዓት ነው ኮምፒውተሩ የሚያምፀው። «ሰ» ተብሎ ሲመታ «ስ» ይመጣል፣ «ሳ» ሲባል ፊደሉ ድራሹ ይጠፋል፣ ወይም አንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ይደገማል።

«ምነው እህቴ፣ ትናንት ደህና አልነበር እንዴ?»

«ደህና ነበር ጋሼ። ዛሬ ሳበራው ነው እንዲህ የሆነው።»

ቴክኒሺያን ይጠራል። ወንበሩን ስቦ ተቀምጦ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነካካና ፍርዱን ይሰጣል፦ ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ።

ይህ ፍርድ በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ቤቶች ውስጥ ከሚገባው በላይ ቀሎ ይሰጣል። ፎርማት መፍትሔ ሆኖ የሚታየው ጥፋቱን ስላገኘው ሳይሆን ከጥፋቱ ጋር ሌላውንም ሁሉ ጠርጎ ስለሚያወጣው ነው። ምክንያቱ ስላልታወቀም፣ ያው ፍላሽ ተሰክቶ ያው ፕሮግራም በተጫነ ማግስት በሽታው ተመልሶ ይመጣል። የዚህ ዓምድ ክርክር ግልጽ ነው፤ ምንም ነገር ከመጥፋቱ በፊት ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ተዘግተው መፈተሽ አለባቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ክፍያም አይጠይቅም።

የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን እንመልከት። ዋና ሥራቸው ጣት ቁልፍ በነካ ቁጥር ምልክቱ ወርድ ላይ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ጠብቆ መያዝ ነው። የእንግሊዝኛው ኤስ ሲመታ «ስ»ን ያስቀምጣሉ፤ ኤ ሲከተል ያስቀመጡትን «ስ» አጥፍተው በምትኩ «ሳ»ን ይተካሉ። ይህ አጥፍቶ የመተካት ሥራ ቀኑን ሙሉ፣ ከዓይን ፍጥነት በላይ ይካሄዳል። ኮምፒውተሩ ላይ ፓወር ግዕዝ ተጭኖ ሳለ ኪማን ቢጨመርበት፣ በዚያ ላይ የዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ ቢከፈት፣ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ሊያጠፋው ይነሣል። አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ቆሞ አንዱ ያስገባውን እንግዳ ሌላው መልሶ እንደሚያስወጣው ማለት ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው ጤነኛ ናቸው፤ ያጣላቸው አብሮ መኖራቸው ነው።

«ትናንት ደህና ነበር» የሚለው የጸሐፊዋ ቃልም እውነት ሊሆን ይችላል። ቁልፍ የሚጠብቁ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ውስጥ ተራ አላቸው፤ በተለመደው አሠራር መጨረሻ የተመዘገበው መጀመሪያ ይጠራል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ደግሞ የትኛው ፕሮግራም ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደሚከፈት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ትናንት ኪማን ቀድሞ ተነሥቶ ከሆነና ዛሬ ሌላው ከቀደመው፣ ማንም ምንም ሳይነካ የኪቦርዱ ጠባይ ይለወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ቫይረስ ቢል አይፈረድበትም። ለሙያው ገንዘብ የሚቀበል ሰው ግን ማወቅ አለበት።

ይህን ያህል መጻፊያ በአንድ ማሽን ላይ የተከማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው 256 ቦታ ብቻ ነበር፤ ፊደላችን ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ አይበቃውም። የዘመኑ ባለሙያዎች መላ ፈጠሩ። የላቲን ፊደላትን ቦታ በግዕዝ ቅርጾች ሞሉት፤ አንዳንዶቹም ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈሉት። እያንዳንዱ ድርጅት ይህን ያደረገው በራሱ መንገድ ነበር። አማርኛ ጋዜጣና መጽሐፍ በኮምፒውተር እንዲታተም ያስቻለው ይህ ልፋት ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል። ግን በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበርና ጽሕፈት ቤቶች የደንበኛን ፋይል ለመክፈት ሲሉ ሁሉንም መጻፊያ መጫን ለመዱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ችግሩ መቃለል ጀመረ፤ ልማዱ ግን አልቀረም።

ከመጻፊያዎቹ ጎን ሌላ ጎራ አለ፤ የዴስክቶፕ ማስዋቢያዎች። በኤክስፒ ዘመን ማሽኑን ቪስታ የሚያስመስለው «ቪስታ ትራንስፎርሜሽን ፓክ» ነበር፤ የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች እየቀየረ ነበር የሚያስውበው። መስኮቱን ሁሉ በሌላ ቆዳ የሚያለብሰው ዊንዶውብላይንድስ፣ ሰዓትና የአየር ሁኔታ ስክሪን ላይ የሚዘረጋው ሬይንሜተር፣ የሚንቀሳቀስ ምስል ከአዶዎቹ ጀርባ የሚያስቀምጡትም አሉ። ሱቁን ማሳመር የሚወድ ነጋዴ ስክሪኑንም ቢያሳምር ነውር የለውም። ነገር ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ ከዊንዶውስ ጋር አብረው ይነሣሉ፤ አንዳንዶቹም ዴስክቶፑንና ታስክባሩን ራሱን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ኮምፒውተሩ በተዘመነ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰበሩትም እነዚህ ናቸው።

ማስረጃው የራሱ የማይክሮሶፍት ታሪክ ነው። በቪስታና በዊንዶውስ 7 ላይ «ጋጄት» የሚባሉ ትንንሽ ሰዓቶችና ካላንደሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 ኩባንያው ለአደጋ ያጋልጣሉ ብሎ ተጠቃሚዎች ጨርሰው እንዲዘጓቸው መከረ፤ የሚዘጋ መሣሪያም አብሮ አወጣ። የራሱን ሥራ ነው ዝጉ ያለው። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ደግሞ ኤክስፕሎረርፓቸርንና ስታርትኦልባክን የመሰሉ ማስዋቢያዎች የተጫኑባቸው የዊንዶውስ 11 ማሽኖች ከዝማኔ በኋላ በትክክል መነሣት እንዳቃታቸው አስታወቀ፤ ዴስክቶፑ ይከፈታል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ትልቅ ዝማኔም የግድግዳ ምስል የሚቀያይሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች የዴስክቶፑን አዶዎች እያጠፉ በማስቸገራቸው፣ እነርሱ ላሉባቸው ማሽኖች ዝማኔው እንዳይቀርብ ታግዶ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ የቀረ ማሽን ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ ይታዘዛል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በዚያ ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚል ክፍል አለ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡት እዚያ ተዘርዝረዋል፤ አንዱን መርጦ «ዲሴብል» ማለት ፕሮግራሙን አያጠፋውም፣ በራሱ እንዳይነሣ ያደርገዋል እንጂ። ነገ ካስፈለገ በዚያው ቦታ ይመለሳል። ፎርማት ፈጽሞ የማይሰጠው ነገር ይህ ነው፤ መመለሻ መንገድ።

ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ አንድ በአንድ መሞከር ቀን ይፈጃል። አሥራ ስድስት ፕሮግራም ቢኖር ስምንቱን ዘግቶ ሪስታርት ማድረግ ይሻላል። ችግሩ ከጠፋ ከተዘጉት መሃል ነው፤ ካልጠፋ ከቀሩት መሃል። ያንኑ ክፍል ለሁለት እየከፈሉ ሲሄዱ ጥፋተኛው በአራት ሙከራ ይያዛል። ስታርትአፕ ላይ የማይታዩ፣ ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ አገልግሎቶችም ስላሉ ኤምኤስኮንፊግ የሚባለው መስኮት ያስፈልጋል። እዚያ ጥንቃቄ ይሻል፦ በመጀመሪያ የማይክሮሶፍትን አገልግሎቶች ደብቅ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የቀሩት የሚዘጉት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ኢንተርኔቱም ድምፁም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ጸረ ቫይረሱን መዝጋት ደግሞ የመጨረሻ ሙከራ ይሁን፤ ብዙ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ቤት ለአንድ ሰዓትም ያለ እርሱ መቆየቱ ያሰጋል።

ማሽኑ ጭራሽ የማይረጋጋ ከሆነ ሴፍ ሞድ አለ። ዊንዶውስ በዚያ ሲነሣ ትርፍ ጓዙን ጥሎ ለመኖር የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሆኖ ማስዋቢያውን ብዙ ጊዜ ማራገፍ ይቻላል። ማራገፍም በወጉ መሆን አለበት። ማኅደሩን ይዞ መሰረዝ ፕሮግራሙን ያጠፋው ይመስላል እንጂ ዊንዶውስ ውስጥ የተመዘገበው ስሙ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩም በተነሣ ቁጥር የሌለውን ሲፈልግ ይኖራል። ለአማርኛው ደግሞ ውሳኔው አንድ ነው፤ ጸሐፊዋ እጇ የለመደውን አንዱን መጻፊያ ትምረጥ፣ የቀሩት ከስታርትአፕ ይውጡ። የቆየ ፋይል ለመክፈት የሚያስፈልገው ፎንቱ ስለሆነ መጻፊያው ሲዘጋ ምንም አይጎድልም። እንዲያውም ብዙ ቤት ሦስት መጻፊያ የተሸከመው ይህን ልዩነት የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ፎርማት የሚያስከፍለው ትልቁ ዋጋም እዚሁ ላይ ነው። በቆየ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ውል ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚያየው የላቲን ምልክቶችን ነው፤ አማርኛ የሚያደርጋቸው ፎንቱ ነው። ማሽኑ ተጠርጎ ፎንቱ ካልተመለሰ፣ ሰነዶቹ በሌላ ዲስክ ላይ ተርፈው እንኳ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ክምር ይሆናሉ። ለዓመታት ሲሻሻል የኖረ የውል ቅጽ፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የዕድር መዝገብ በዚህ መንገድ ሊጠፋ ይችላል። ባለቤቱ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለውና ይሰርዘዋል፤ ጉድለቱ ግን የአንዲት ትንሽ ፎንት መጥፋት ነበር።

ጉዳዩን አሁን አጣዳፊ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የቆዩ ፕሮሰሰሮችን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ማሽን የሚቀይሩ ወይም ማሽናቸውን የሚያስጠርጉ ቤቶች ይበዛሉ። ያንን ሥራ የሚያሠራ ሰው ቴክኒሺያኑን ከማስቀመጡ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ማኅደር ከፍቶ የግዕዝ ፎንቶቹን በሙሉ ወደ ሁለት ፍላሽ ይገልብጥ። በየዕለቱ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ያስቀይር፣ የማይለወጡትን በፒዲኤፍ ያስቀምጥ፣ በአዲሱም ማሽን ላይ ከአንድ በላይ የአማርኛ መጻፊያ እንዳይጫን አስቀድሞ ይናገር።