ባልዲውን ከማስነሣት ሳህን ማስቀመጥ

ባለፈው ሳምንት በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ መልእክት ገባ፦ «በረንዳ ላይ አትክልት የተከላችሁ በሙሉ እስከ እሁድ አንሡ።» «በሙሉ» የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ። 3 የቀለም ባልዲ ቆስጣ፣ 1 ጤና አዳም፣ አፉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ደግሞ በሶብላ። እርሻዬ ይኸው ነው።

ጥፋት አለብኝ፣ አልክድም። ባልዲዎቹን ሥራቸውን በስቼ፣ ሳህን ሳላስቀምጥ አጠጣ ነበር። ጭቃው ውሃ ወርዶ ከታች ያሉት እማማ ያሰጡት ነጠላ ላይ አረፈ። «ልጄ፣ ቆስጣህን ብላ፤ ነጠላዬን ግን ተውልኝ» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ። በነጋታው ሳህን ገዛሁ። ክልከላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው!

ለሁለት ዘለላ ቅጠል ምን ያጨቃጭቅሃል ትሉኝ ይሆናል። አዲስ አበባ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ቀላል የማይባለው በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ ነው። ወንዙ የፋብሪካውንም የቤቱንም ፍሳሽ ይሸከማል፤ ተመራማሪዎችም እዚያ ከበቀሉ አትክልቶች ውስጥ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ማጠብ ላዩን ያጸዳል፤ ቅጠሉ የመጠጠውን አያወጣም። ገበሬውን አልወቅስም፣ ያለው ውሃ እሱ ነው። የኔ ቆስጣ የሚጠጣውን ውሃ ግን አውቀዋለሁ፤ ሩዝና ድንች ያጠብኩበት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌላም አይገኝ።

ቲክቶክ ላይ እንደምታዩት በረንዳ ቤተሰብ አይቀልብም። እኔም ተሸውጄ ቲማቲም ተክዬ ነበር። ቲማቲም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፣ የኔ በረንዳ 3 ሰዓት ቢያገኝ ነው። ቅጠል በቅጠል ሆነና ቀረ። ቆስጣ ግን በዚያችው ይበቅላል፤ የውጪውን ቅጠል ብቻ እየቆረጣችሁ ልቡን ከተዋችሁት ለወራት ትበላላችሁ። ጤና አዳም ደግሞ ውሃ ሲበዛበት ይሞታል፤ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት።

የከተማ ግብርና ይስፋፋ ሲባል እንሰማለን። ጓሮ ያለው ይስፋፋ። እኛ ተከራዮች ያለን ስንለቅ ተሸክመነው የምንሄደው ባልዲ ነው፣ እሱንም አንሡ ከተባልን ምን ቀረን?

እሁድ ስብሰባ አለ። ሳህን የሌለው ባልዲ ይነሣ፣ ከበረንዳው ብረት ውጪ የተንጠለጠለም ይውረድ፤ ሰው ላይ ይወድቃል። የቀረው ይቆይ እላለሁ። አንድ ድምፅ ሳላገኝ አልቀርም፦ እማማ ትናንት ለቡናቸው ጤና አዳም ቆርጠው ወስደዋል።