አንድ ሳሎን፣ ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ፊልም

ትምህርት ቤት ተዘግቶ የካራን ዝናብ ጅግጅጋን ማረስረስ ሲጀምር ከወላጆች የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከልጆች ጋር ቁጭ ብለን ሳንሳቀቅ የምናየው ፊልም የለም ወይ?» ከመመለሴ በፊት ማንነቴን ላስታውስ። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። መብራት ካለ በወር ሁለት ሦስት ፊልም አያለሁ፤ ግማሹን በፍላሽ አስገልብጬ፣ ግማሹን አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ሲመጣ ከሚይዘው ሃርድ ዲስክ። ስለ ካሜራ አያያዝ የምለው የለኝም። እኔ የምለካው በአንድ ነገር ነው፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ከሳሎኑ ስንት ሰው ተነሥቶ ወጣ?

ይህ መለኪያ በእኛ ከተማ ቀላል አይደለም። እናቴ የምትሰማው አማርኛ ብቻ ነው። ጎረቤታችን፣ ልጆቼ «አየዮ» የሚሏቸው አዛውንት፣ የሚሰሙት ሶማሊኛ ብቻ። ልጆቹ ከበር ውጭ ሶማሊኛ፣ ከበር ውስጥ አማርኛ፣ ስልክ ሲይዙ ደግሞ እንግሊዝኛ ናቸው። ሁለቱ እናቶች ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሲኖሩ ቡናና ሻይ አልተለያዩም፤ ወሬያቸው ግን ግማሹ በእጅ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት አንዳቸው ባለቤት፣ አንዳቸው እንግዳ ይሆናሉ። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ቱርኮቹን በአማርኛ ማናገር ከጀመረ ወዲህ በዚያ ሰዓት የምትነግሠው እናቴ ናት። ሶማሊኛ ድምፅ የገባላቸው የህንድ ፊልሞች ሲመጡ ደግሞ ተራው የአየዮ ነው። ሻሩክ ካን ሶማሊኛውን ከእኔ የተሻለ ይናገራል፤ ይህንን ልጆቼም ነግረውኛል።

ስለዚህ «ፍሎው» የሚባለው የላትቪያ ካርቱን ቤታችን ሲገባ እንደ ትልቅ እንግዳ ነው የተቀበልነው። ምክንያቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አይነገርበትም። ጊንትስ ዚልባሎዲስ የሚባል ወጣት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካርን የአኒሜሽን ሽልማት ወስዷል። ታሪኩ አጭር ነው። ዓለሙን ውሃ ያጥለቀልቀዋል፤ አንዲት ጥቁር ድመት ጀልባ ላይ ትወጣለች። ጀልባው ላይ ውሻ፣ ረጅም ቅልጥም ያላት ወፍ፣ ዕቃ መሰብሰብ የሚወድ ሌመርና በግ የምታህል አይጥ የመሰለች ካፒባራ አሉ። እንስሳቱ እንደ አሜሪካ ካርቱን አይቀልዱም፣ አይዘፍኑም፤ ድመቷ ድመት ናት።

ውሃው መሙላት ሲጀምር እናቴ «ይኼ የኖኅ ዘመን ነው» አለች። አየዮ በዚያው ቅጽበት «ኑሕ!» አሉ። ሁለቱ ተያዩና ሳቁ። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም፤ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በሶማሊኛ ድመቷን ሲመክሯት አመሹ። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ትንሿ ልጄ ውሃው መሃል ላይ ትንሽ ፈርታ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በታች ላሉት አጠገባቸው ሁኑ። ከሳሎኑ የወጣ ሰው፦ ዜሮ።

«ሙፋሳ»ን በአንድ አንቀጽ ልለፈው። ልጆቹ ወደዱት። አንበሶቹ እውነተኛ አንበሳ ይመስላሉ፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ እውነተኛ አንበሳ ፊት ላይ ሐዘንና ደስታ አይለይም። እኔ ግማሹን ተኝቼ ነው ያየሁት።

አሁን ቆም ብዬ ላወራበት የምፈልገው ፊልም የህንዱ «ትዌልፍዝ ፌል» ነው፤ በአማርኛ «12ኛን የወደቀው» ብንለው ያስኬዳል። ዳይሬክተሩ ቪዱ ቪኖድ ቾፕራ፣ ዋናው ተዋናይ ቪክራንት ማሴ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023። ዘፈንና ጭፈራ የለመዳችሁበትን የህንድ ፊልም ከጠበቃችሁ አታገኙትም። ማኖጅ ኩማር ሻርማ የሚባል፣ ዛሬ የፖሊስ ከፍተኛ መኮንን የሆነ ሰው እውነተኛ ታሪክ ነው።

ማኖጅ የሚማርበት የገጠር ትምህርት ቤት ፈተና የሚታለፈው በኩረጃ ነው፤ ያውም አስተማሪዎቹ ራሳቸው መልስ እያቀበሉ። በአንድ ዓመት አንድ የማይደለል የፖሊስ አዛዥ ይመጣና ኩረጃውን ያቆማል። ልጆቹ ይወድቃሉ፤ ማኖጅም ይወድቃል። ይህንን ስታዩ አገራችሁን ማሰባችሁ አይቀርም። በእኛም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኖ እንዲፈተን ሲደረግ በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከመቶ ልጆች ዘጠና ምናምኑ ወደ ቤት ተመልሰዋል ማለት ነው። የተመለሱበት ቤት ደግሞ የእኔና የእናንተ ነው።

በእኔ ቤት ያለው የእህቴ ልጅ ነው። ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኛል። ለሬሜዲያል የሚያበቃው ነጥብም አልመጣለትም። ውጤቱ ከታየ ጀምሮ ከክፍሉ የሚወጣው ለምሳና ለራት ነበር፤ እኛም ምን እንደምንለው ጨንቆን ስለ አየር ሁኔታ እናወራለታለን። ፊልሙን የከፈትኩት እሱን ለመስበክ አስቤ አይደለም፤ ርዕሱን ቢያውቅ ኖሮ አይቀመጥም ነበር። ፊልሙ በህንድኛ ነው፤ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ እንግሊዝኛ። እናቴ «ምን አለ? ምን አለ?» ስትል ከመካከላችን ቶሎ አንብቦ ወደ አማርኛ የሚመልስ እሱ ብቻ ሆነ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከሶፋው ጫፍ ተነሥቶ ከእሷ እግር ሥር ተቀመጠ።

አያቶች ይህን ፊልም ልብ ብላችሁ እዩት፤ አያቲቱ ያጠራቀመቻትን ገንዘብ ለልጁ የምትሰጥበት ቦታ አለ። ገንዘቡ አውቶቡስ ላይ ይሰረቃል። እናቴ ቀበቶዋን እየነካካች፣ ማለት መቀነቷን፣ «እንዲህ አድርጎ ማሰር ነበር» አለች። ከዚያ ማኖጅ ዴልሂ ገብቶ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ቀን ዱቄት ለብሶ፣ ሌሊት መጽሐፍ ገልጦ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። እንዲህ ያሉ ፊልሞች «ከለፋህ ታልፋለህ» ይላሉ። የለፋ ሁሉ አያልፍም። ከመቶ ጥቂት ልጅ ብቻ በሚያልፍበት አገር ይህንን ለልጅ መንገር፣ ያላለፈውን «አልለፋህም» ብሎ እንደ መስደብ ነው። ፊልሙን ከዚህ ስህተት ያዳነው ዋናው ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ ጋውሪ የሚባለው ነው። ጋውሪ መፈተን የሚፈቀድለትን ጊዜ ሁሉ ጨርሶ፣ ሳያልፍ የቀረ ነው። አገሩ አልገባም፤ ሻይ ቤት ከፍቶ ታናናሾቹን ያስጠናል። ለሻይ ቤቱም «እንደገና ጀምር» የሚል ስም አወጣለት።

ጋውሪ የመጨረሻ ውጤቱን ባየበት ቦታ ላይ አስተርጓሚያችን ዝም አለ። እናቴ «ምን አለ ልጄ?» አለችው። «ወደቀ፣ እማማ» አላት። ቀጥሎ የመጡትን ሁለት ሦስት ንግግሮች አልተረጎመልንም፤ ማንም አልጠየቀውም። በማግስቱ ግን እናቴ ቡና እያፈላች «ያ ሻይ ቤት የከፈተው ልጅ፣ እናቱ ምን አለችው?» ብላ ጠየቀችው። ፊልሙ ላይ ስለ እናቱ የተነገረ ነገር ስለሌለ ሁለቱም ከራሳቸው ፈጥረው ሲያወሩ ሦስተኛው ቡና ወረደ። ስለ ራሱ አንድ ሰዓት ሙሉ አውርቶን አያውቅም፤ ስለ ጋውሪ አወራ።

ወደ ሶማሊኛው ልምጣ። «ጉሌድና ናስራ» በሚል ስምም የሚታወቀው «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት»፣ ሞቃዲሾ ተወልዶ ፊንላንድ ያደገው ኻደር አይደሩስ አሕመድ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቡርኪና ፋሶ ላይ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የመጀመሪያውን ሽልማት የወሰደ፣ ሶማሊያም ለኦስካር የላከችው የመጀመሪያ ፊልም ነው። ታሪኩ ያለው ጅቡቲ ነው፤ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጉሌድ ከሆስፒታል ደጃፍ አካፋ ይዞ ሬሳ የሚጠብቅ ቀባሪ ነው። ሚስቱ ኩላሊቷ ታሞ ለቀዶ ሕክምና 5 ሺህ ዶላር ይጠየቃል።

በዚያ ማታ ተራው የአየዮ ነበር፤ ለእናቴ የምትተረጉመው ደግሞ ትልቋ ልጄ። ቀባሪዎቹ አካፋቸውን ታቅፈው ተደርድረው ሲታዩ አየዮ በሳቅ ሞቱ። ቆየት ብሎ ግን ጉሌድ ገንዘብ ፍለጋ ጥሏት ወደ ወጣባት መንደር፣ ወደ እናቱ ደጅ፣ በእግሩ ሲሄድ ሳቁ ቆመ። ለሕክምና ገንዘብ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ያልዞረ ቤተሰብ በእኛ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ፊልሙ አያላቅስም፤ ባልና ሚስቱ እየተላፉ፣ እየተሳሳቁ ነው የሚኖሩት። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ላለ ልጅ አሳዩ።

የሞ ሐራዌ «ከገነት ጎን ያለው መንደር» ግን ታጋሽ ይፈልጋል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ንግግሩም ቁጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በካን ፌስቲቫል ዋና ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የሶማሊያ ፊልም ተብሎለታል። እዚህም አባትየው መቃብር ይቆፍራል። (የሶማሊ ዳይሬክተሮች ሌላ ሥራ አጥተው ነው ወይ አሰኝቶኛል፤ ነጋዴና ሾፌር በሞላበት ሕዝብ መሃል!) የመንደሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባት ትንሹን ልጁን ከተማ ካለ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባው ወይስ ከጎኑ ያቆየው? እህቱ ደግሞ የስፌት ቤት ለመክፈት ትታገላለች። ልጃችሁን ለትምህርት ሐረር፣ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት የላካችሁ፣ ይህን ብቻችሁን እዩት። ልጆቼ በሃያኛው ደቂቃ ወጡ፤ እኔና ባለቤቴ ቀረን፤ ሲያልቅ መብራቱን ያበራ አልነበረም።

ከልጆች ጋር የሚታይ አማርኛ ለምትሉ፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» አዲስ ባይሆንም (እ.ኤ.አ. 2015) አላረጀም። እናቱን በድርቅ ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል፤ ያለችው ቹኒ የምትባል በግ ብቻ ናት፣ አጎትየው ደግሞ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ወንድ ልጅ ወጥ መሥራት መውደዱም ለአጎትየው አልተዋጠለትም። ልጆቼ መጀመሪያ የሳቁት በበጓ ነው፤ ራሷ ጥቁር፣ ገላዋ ነጭ ያልሆነ በግ ለጅግጅጋ ልጅ በግ አይመስለውም። ለዐረፋም ሆነ ለፋሲካ በግ ገዝታችሁ ልጆች ስም ካወጡለት ግን፣ ይህን ፊልም ከበዓሉ በኋላ ብታሳዩ ይሻላል።

አባቶች ብቻ እንድታዩት የምለው አንድ አለ፤ «ፋያ ዳዪ»። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር በጥቁርና ነጭ የሠራችው ስለ ጫት የሆነ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ይነገርበታል። ረጅም ነው፣ አንዳንዴም ከመጠን በላይ ይቆዝማል። ግን የአሥራ አራት ዓመቱ መሐመድ የሚቅመውን አባቱን ፊት እያየ፣ ዛሬ ምን ዓይነት አባት እንደሚጠብቀው የሚገምትበትን ቦታ ከልቤ ማውጣት አልቻልኩም። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከአንድ በርጫ ያጥራል።